ድርድርና የትንሽ ድርጅት መዘጋት
(ለመምህራንና ለዕጩ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ከጥቁር ሰሌዳና ከጠመኔ የራቀ ይመስላል፤ ይኸውም በአንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ አሠሪና ሠራተኞች ስለሚያደርጉት ድርድር፣ ድርጅቱም ሲዘጋ ስለሚመጣው ነገር ነው። ነገር ግን ከመካከላችሁ ነገ ወደ ወረዳ ከተማ የሚላከው መምህር፣ ደብዳቤ አንብብልን፣ ማመልከቻ ጻፍልን፣ ለሽምግልና ተቀመጥልን መባሉ አይቀርም። ከሚዘጋው ዳቦ ቤት ወይም ማተሚያ ቤት የሚወጣውም ሠራተኛ ልጆቹን የሚልከው ወደ እኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው።

በአገራችን ሠራተኛ በማኅበሩ አማካይነት ከአሠሪው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጥ ሕግ የፈቀደለት ሩቅ በሆነ ዘመን አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሥራ ሲባል በሕግ መሠረት በማኅበር መደራጀትን ፈቀደ፤ ዳሩ ግን ዝርዝሩን የሚወስን ሕግ እስኪወጣ ድረስ ብዙዎች በእድር ስም እየተረዳዱ ቆዩ። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታትም አዋጆችም ተለዋውጠዋል፤ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

የዚህ ታሪክ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሱት የምድር ባቡርና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ናቸው። ሕጉ ግን ለትልልቆቹ ብቻ የተጻፈ አይደለም። 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ሊቋቋም ይችላል፤ ከ10 በታች የሆኑትም በሌላ ድርጅት ካሉት ብጤዎቻቸው ጋር ተባብረው ጠቅላላ ማኅበር ሊያቆሙ ይችላሉ። መደራደር የፈለገው ወገን ረቂቁን አያይዞ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም ወገን ጥያቄው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለቱም ወገኖች በቅን ልቡና እንዲደራደሩ ሕጉ ያዛል።

እኔ ዛሬ ልናገር የምፈልገው ስለዚህ ስለ ቅን ልቡና ነው። በትልቅ ፋብሪካ ሒሳቡን የሚጽፍና የሚመረምር ሰው አለ። በትንሽ ድርጅት ግን አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡ በባለቤቱ ኪስና በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የቤቱ ቀለብና የድርጅቱ ገቢም ይቀላቀላሉ። አሠሪው ኪሳራውን ቢናገር ሠራተኛው ጥሎት እንዳይሄድ፣ ባለዕዳ ጠያቂውም በሩን እንዳያንኳኳ ይፈራል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ሠራተኛው ደግሞ ዝምታውን ስስት ነው ብሎ ይተረጕመዋል። አንዱ ጭማሪ ይጠይቃል፣ ሌላው የለኝም ይላል፤ አለመኖሩን የሚያሳይ ወረቀት ግን በመካከላቸው የለም። እንዲህ ያለው ንግግር ድርድር ሊባል ይችላልን?

ነገሩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ አድርገን በሰሌዳ ላይ እንጻፈው። በአንድ ማተሚያ ቤት 12 ሠራተኞች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ 10 ዓመት አገልግሏል፤ የቀን ደመወዙም 200 ብር ነው። ድርጅቱ ለዘለቄታው ቢዘጋ ሠራተኛው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ይኸውም 6,000 ብር ያገኛል። ለቀሩት 9 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሢሶ ይጨመርለታል፤ ይህም 18,000 ብር ነው። ይህ የስንብት ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ ሊበልጥ አይችልም፤ በምሳሌያችን ግን ከዚያ በታች ነው። ድርጅቱ በመዘጋቱ ምክንያት ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 12,000 ብር ይታከልበታል። የአንዱ ሠራተኛ ድምር 36,000 ብር፣ የአሥራ ሁለቱም 432,000 ብር ይሆናል።

አሁን የድርጅቱ ንብረት ተሽጦ ሌላው ዕዳ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ 500,000 ብር ይተርፋል፤ ድርጅቱም በየወሩ 50,000 ብር ይከስራል እንበል። ዛሬ ቢዘጋ ሁሉም ድርሻውን ያገኛል፤ ለባለቤቱም 68,000 ብር ይቀረዋል። አራት ወር በዝምታ ቢያልፍ ግን የሚተርፈው 300,000 ብር ነው፤ ለአንዱ ሠራተኛ 25,000 ብር ብቻ ይደርሰዋል፣ ባለቤቱም ባዶ እጁን ይወጣል። የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ እንዲቀድም ሕጉ ደንግጓል፤ ነገር ግን ባዶ ካዝና ፊት ቀዳሚና ተከታይ የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው። በትንሽ ድርጅት ከደመወዝ ጭማሪ በፊት ሊስማሙበት የሚገባው ነገር የሒሳብ መዝገቡ በጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ ነው። መዝገቡ ከታየ በኋላ ብዙ መንገድ ይከፈታል፤ ደንበኞች ያልከፈሉትን ገንዘብ ተባብሮ መሰብሰብ፣ ጭማሪውን ለጊዜው ማዘግየት፣ ወይም መዝጋቱ የማይቀር ከሆነ ቀኑን ወስኖ የእያንዳንዱን ድርሻ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይቻላል። መዝገቡን አይቶ ጭማሪው ሊከፈል የሚችል መሆኑን ያወቀ ማኅበርም አጥብቆ ቢጠይቅ ነቀፌታ የለበትም።

አንዳንዶች፣ አሠሪ ምሥጢሩን ለሠራተኛ ቢገልጥ ይጎዳል ይላሉ። ይህ ስጋት ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ የአንድ ድርጅት ወሬ በትንሽ ከተማ ቶሎ ይሮጣል። ስለሆነም ተደራዳሪዎቹ የሰሙትን እንዲጠብቁ በመነሻው በጽሑፍ ይስማሙ። በምሥጢር ጠባቂነት የሚታመን ተደራዳሪ መምረጥም የማኅበሩ ኃላፊነት ነው።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድር ነው? ዳኛ ወይም ጠበቃ ሁኑ አልላችሁም። ነገር ግን ሢሶና መቶኛ ስናስተምር ምሳሌውን ከገቢና ከወጪ መዝገብ እንውሰድ፤ በአማርኛ ትምህርታችንም ቃለ ጉባኤና ማመልከቻ መጻፍን እናስለምድ። በማታ ትምህርት ለሚመጡት ጎልማሶች ይህ ከሁሉ የሚቀድም ነው፤ ድርሻውን ራሱ ማስላት የማይችል ሠራተኛ የተሰጠውን ቈጥሮ ከመሄድ በቀር ሌላ ምርጫ የለውምና። ወደ ተመደባችሁበት ስትሄዱ የአዋጁን አንድ ቅጂ ከመማሪያ መጻሕፍታችሁ ጋር ያዙ፤ ማመልከቻ ጻፍልን የሚላችሁ ሰው ሲመጣ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ከእርሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሒሳቡን አስሉ።