የጸሐፊው መዝገብ የምእመናን አደራ ነው
(ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የምናገለግል ሰዎች ሥራችን ጎልቶ አይታይም። ማለዳ በር ስንከፍት ባለጉዳይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ አንዱ የጋብቻ ማስረጃ፣ ሌላው የክርስትና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ስልኩ ይጮኻል፤ የስብሰባ ጥሪ መጻፍና ቃለ ጉባኤ ማስፈረም አለብን። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ደብዳቤ ይደርሳል። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ እንዲህ ያለው አንድ ደብዳቤ ነው።

በአጥቢያችን ምንጭ የማጎልበት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ምእመናኑ ድንጋይና አሸዋ አቀረቡ፤ ለሲሚንቶና ለቧንቧ የሚሆነው ሁለተኛ ክፍያ ግን የሥራ ሪፖርታችን ሲደርስ የሚለቀቅ ነበር። ደብዳቤው የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን «ማርች 10» መሆኑን ይገልጻል። እኛም በሥራ ብዛት ተጣድፈን፣ ማርች ማለት መጋቢት ነው በሚል፣ መጋቢት 10 ብለን በቃል ያዝነው። ማርች 10 ግን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን ነው። ሪፖርቱን ይዘን ስንቀርብ ዘጠኝ ቀን አልፎ ነበር። ክፍያው ወደሚቀጥለው ዙር ተላለፈ፤ ገንዘቡ ሲለቀቅ ክረምት ገብቶ መንገዱ መኪና አላሳልፍ አለ። እናቶችና ልጃገረዶች ክረምቱን በሙሉ ድፍርስ ውኃ ከወንዝ ቀዱ። ማንም አልወቀሰንም፤ እንስራ አዝለው በጽሕፈት ቤታችን ደጃፍ ሲያልፉ ማየቱ ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። ጥፋቱ የእኛ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ በደረሰበት ዕለት ሳይመዘገብ አያድርም። በገቢ መዝገቡ ላይ ተራ ቁጥሩን፣ የደረሰበትን ቀን፣ የላኪውን ስም፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን፣ ጉዳዩን፣ የተመራለትን ሰውና መልስ የሚሰጥበትን ቀን እንጽፋለን። የመልሱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የወሩንም ስም በፊደል እናሰፍራለን። «10/3» የሚለው ጽሑፍ ለእኛ ኅዳር 10 ነው፤ ለውጭ ሰው ግን ማርች 10 ወይም ኦክቶበር 3 ሊሆን ይችላል። ዘወትር ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ለአስተዳዳሪው አቅርበን መልስ ያላገኘውን ጉዳይ እናሳያለን። በቃለ ጉባኤም «ይፈጸም ተባለ» ብለን አንተውም፤ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚፈጽመው ጨምረን እንጽፋለን።

ከእናንተ ከሰበካ ጉባኤ አባላት የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። ለጸሐፊው ቁልፍ ያለው የመዝገብ ሣጥን ስጡት፤ በስማችሁ የመጣ ደብዳቤ በኪሳችሁ ሳይሰነብት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይምጣ፤ ጸሐፊ ሲለወጥም መዝገቡ፣ ፋይሉና ማኅተሙ በጽሑፍ ርክክብ ይተላለፍ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ምንጩ ዛሬ ንጹሕ ውኃ ይሰጣል፤ በመዝገባችን መጀመሪያ ገጽ ላይ ግን ያች ዕለት በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፋ ትገኛለች፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ እንዲማርባት ብለን አኑረናታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።