የቤት መምህሩ፤ ከማንኩሳ እስከ ባላባቱ እልፍኝ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚያቀና መንገደኛ በመካከሉ ማንኩሳን ሳያገኝ አያልፍም። ከተማዪቱ ትንሽ ናት። ይሁን እንጂ የአማርኛ መጻሕፍት ወዳጅ የሆነ ሁሉ ስሟን በሰማ ጊዜ ወዲያው አንድ ሰው ትዝ ይለዋል፤ በዛብህ ቦጋለ። በዛብህ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚኖር እንጂ በሥጋ የነበረ ሰው አይደለም። ሆኖም ልብ ወለዱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ያደመጠ ሰው በዛብህን ከጎረቤቱ ልጅ ለይቶ አያየውም ማለት ይቻላል።

አብዛኛው አንባቢ በዛብህን የሚያውቀው በአፍቃሪነቱ ነው። ዳሩ ግን ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው አፍቃሪ ሆኖ ሳይሆን መምህር ሆኖ ነው። የተጠራው ለአንዲት ተማሪ፣ ለሰብለ ወንጌል፣ ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምር ነበር። በዛሬው አነጋገር አስጠኚ፣ ወይም የቤት ለቤት መምህር መሆኑ ነው። እንግዲህ ይህ ወጣት ወደዚያ እልፍኝ ሲገባ ከየት መጥቶ፣ ምን ተምሮ፣ ምንስ የማስተማር ልማድ ይዞ ገባ? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ የሙያው ጥያቄም ነው።

ደራሲው ይህን መምህር ከምናባቸው ብቻ አልቀዱትም። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። ኋላም አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት ቀስመው፣ ወደ ጎጃም ተመልሰው አስተምረዋል። ስለዚህ ስለ ተማሪ ቤት ሲጽፉ የጎጆውን ጭስና የአኩፋዳውን ክብደት ያውቁታል።

የምዕራብ ጎጃም ገጠር የቤት መምህር የሚወለድበት ማሕፀን የቅኔ ቤት ነበር። በቅኔ ትምህርት ስማቸው ከሚጠራው ከሦስቱ ቤቶች፣ ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዋድላ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ልጁ አስቀድሞ ፊደል ይቆጥራል፤ ከአቡጊዳ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይሻገራል። ንባቡም በአንድ ጊዜ የሚያዝ አይደለም፤ ከቁጥር ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ በየደረጃው ይወጣል። ዳዊት የደገመ ልጅ ለብዙ ወላጅ ትምህርቱን የጨረሰ ነው። ልቡ ያላረፈለት ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ ይሰደዳል። በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ይበላል፤ ከየመንደሩ ውሻ ጋርም ይታገላል። የኋላው መምህር የሰው ደጅ የመጥናትን ትሕትናም ሆነ ቁስሉን በዚህ ዕድሜ ይማረዋል።

በቅኔ ቤት ያለው የማስተማር ሥርዓት ግን ሰፋ ተደርጎ ሊታይ የሚገባው ነው። ተማሪው መጀመሪያ ግስ ይገሳል፣ እርባታና አገባብ ያጠናል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ይኸውም ለዚያ ቀን ለዚያ ጉባኤ አዲስ ቅኔ አፍልቀው ያሰማሉ፤ ሰሙን ከወርቁ፣ ምሥጢሩን ከሰዋስዉ ለይተው ይፈቱታል። ተማሪው ያን ሰምቶ ይበተናል። ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ወጥቶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ብቻውን ይቀመጣል። ይህም «ቅኔ መቁጠር» ይባላል። ብራና የለው፣ ቀለም የለው፤ የሚሠራው በልቡ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ፣ ኋላም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር የአስተማሪነትን ሙያ ለሚመረምር ሁሉ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርብና ይነግራል። መምህሩ ሰምተው ያርማሉ። ሃምሳ ተማሪ ቢኖር ሃምሳ ቅኔ ይሰማል፤ የአንዱ ስሕተት የሌላው አይደለምና እርማቱም ለየራሱ ነው። አንዱን ቃሉ አልገጠመለትም፣ ሌላውን አገባቡ ስቶበታል፣ ሦስተኛው ቃሉም አገባቡም ሞልቶለት ምሥጢር ጎድሎታል። ተማሪው ሲበዛ ከቀደሙት መካከል የበሰለው አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያደምጣል። በዚህም ምክንያት ቅኔ የተማረ ሰው ሁሉ ከመመረቁ አስቀድሞ የማስተማር ልምምድ አለው። የዘመናዊው መምህራን ማሠልጠኛ ተለማማጅ መምህር ብሎ የሚጠራው ነገር በጎንጅና በዋሸራ ቤት አዲስ አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው አንዲት ተማሪ ብቻ ወዳለችበት ቤት በተጠራ ጊዜ ዕቃው ሙሉ ነው። ለብዙ ሰው መናገር ሳይሆን አንድን ሰው ማድመጥ ለምዷል። ስሕተትን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ምልክት ያያል፤ ራሱም ስሕተቱን በየቀኑ በመምህሩ ፊት ሲያነሣ ሲጥል ያደገ ነውና። የጎደለውም አለ። የቅኔ ቤት ለሴት ልጅ የተሠራ አልነበረም። ሒሳብና የዓለም መልክዐ ምድር አልነበሩበትም። በታናናሾቹ ቤትም ዱላ እንዳልጠፋ መደበቅ አይገባም። ያለፈውን ሁሉ ወርቅ አድርጎ ማቅረብ በዚህ ጉባኤ ላይ የሚጠቅም አይሆንም።

ሴት ልጅ ከቅኔ ቤት ውጭ ነበረች ሲባል ግን አንድ ታላቅ ስም ማለፍ አይቻልም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ የጎጃም ሴት ናቸው። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በጸዓሎ ወንበር ዘርግተው፣ ወንዶቹን ተማሪዎች ያስተማሩ መምህርት ሆኑ። የመማሪያው መሣሪያ ጆሮና ልብ በሆነበት ቤት የዓይን መጥፋት በሩን አልዘጋባቸውም። ነገር ግን ልብ ይባል፤ ወደ ትምህርቱ የገቡት በአባታቸው ቤት ነው። አባቷ የቅኔ መምህር ያልሆነላት ልጅ ወዴት ትግባ? ሰብለ ወንጌልም ፊደል እንድታውቅ መምህሩ ወደ ቤት መጠራት ነበረበት።

በሌላው የአገራችን ክፍል የቤት መምህርነት ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰበት ጊዜ አለ። ልዑል ራስ መኰንን በሐረር ለልጃቸው ለተፈሪ መምህር ሲፈልጉ በካቶሊክ ሚሲዮን የተማሩትን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን መረጡ። አባ ሳሙኤል ከተማሪያቸው ሳይለዩ ቆይተው በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ በደረሰ የጀልባ አደጋ ሕይወታቸው አለፈ፤ ተማሪያቸው ከዚያው አደጋ ተርፏል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው መምህራቸውን በአክብሮት አንሥተዋቸዋል። ንጉሠ ነገሥት የሆነ ተማሪ ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ የቤት መምህሩን ሲያስታውስ የመምህሩ ሥራ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ይታያል።

የማንኩሳው መምህር ዕድል ግን ሌላ ሆነ። በዛብህ የገበሬ ልጅ ነው፤ በዚያም ላይ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ነው። ሰብለ የባላባት ልጅ ናት፤ አባቷ አጥንት ሲቆጥሩ፣ ከዘሯ የሚመጥን ባል ሲጠበቅላት፣ ዕድሜዋ የሄደባት። የሁለቱ ፍቅር ሲገለጥ መምህሩ ሌሊት ጠፍቶ ይሰደዳል። ታሪኩ ወደ ሞት መንገድ የሚያዘነብለው ከዚህ በኋላ ነው።

አንባቢ በዚህ ፍቅር ላይ አይፈርድም፤ ይልቁንም ያለቅሳል። ጥፋቱ ሰውን በአጥንት የሚለየው ሥርዓት ነው ይላል፤ ጉዱ ካሳም ይህንኑ ሲሟገት ይሰማል። ይህ ፍርድ ለአንባቢ በቂ ይሆናል፤ ለመምህራን ግን በቂ አይደለም። ምክንያቱም መምህሩና ተማሪዪቱ በአንድ እልፍኝ ብቻቸውን ሲቀመጡ የኃይል ሚዛኑ እኩል አልነበረም። እንዲያውም በሁለት ወገን የተዛባ ነበር። በዕውቀቱ መምህሩ ይበልጣል፤ በእንጀራውና በዘሩ ግን ከተማሪው ቤት በታች ነው። ከመምህሩ ጋር የሚመክር ባልደረባ የለም፣ የሚጠይቀው ርእሰ መምህር የለም፣ የተጻፈ ደንብም የለም። ልቡ ወደ ተማሪው ማዘንበሉን ባወቀ ጊዜ የትምህርቱን ገበታ ማጠፍ የመምህሩ ፈንታ ነበር። ይህን አላደረገም። በዛብህን እየወደዱ ይህን መናገር ይከብዳል፤ ቢሆንም መነገር አለበት፤ የቤት መምህር ዛሬም በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያስተምራልና።

ዛሬ በመራዊም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በባሕር ዳር፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከቤት ቤት የሚዞር አስጠኚ እንግዳ አይደለም። ገበያውን ያደራው ብዙ ነገር ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰብስበው ሲፈተኑ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ይህን የሰማ ወላጅ ከልብሱም ከጉርሱም ቀንሶ አስጠኚ ቢፈልግ አይፈረድበትም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሲከርሙ፣ ለአንዳንዱ ልጅ ቤት የመጣለት መምህር ተጨማሪ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛ ትምህርት ቤቱ ሆነ። መክፈል ያልቻለው ልጅ ግን ያለ ምንም ቀረ። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ለመምህሩ የሚከፍለው አልነበረውም፤ የመንደሩ ሰው በቁራሽ እንጀራ ያስተምረው ነበር።

ከዚህም ሌላ አስጠኚው ወደ ቤት ሲገባ የሚይዘው ነገር ተለውጧል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ያለፉ ዓመታት ጥያቄና መልስ ነው። ልጁ ምርጫውን ከ«ሀ» እስከ «መ» ይሸመድዳል፤ አስጠኚው መልሱን ይነግረዋል። የቅኔው መምህር የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነበር፤ እሳቸው የዘረፉትን ቅኔ ተማሪው ደግሞ ይዞ ቢመጣ አይቀበሉትም፤ የራሱን እንዲያመጣ ወደ ጫካው ይመልሱታል። አንድ የሒሳብ አስጠኚ ይህን ልማድ ቢወስድ የሚያጣው ነገር የለም። አንድ ጥያቄ ሠርቶ ያሳያል፤ ልጁን ከወረቀቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ብቻውን ይተወዋል፤ ከዚያ «እንዴት እንደ ደረስህ ንገረኝ» ብሎ ያደምጣል። በዚያ ግማሽ ሰዓት አስጠኚው ዝም ብሎ መቀመጡን የሚያይ ወላጅ ገንዘቡ የባከነ ይመስለው ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ ለወላጅ ማስረዳት የአስጠኚው ሥራ ነው።

ማኅበሩ በዚህ ጉዳይ የሚወያይ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠብቁት ሦስት ጥያቄዎች አሉ። መምህር በመደበኛው ክፍል የሚያስተምረውንና ውጤት የሚሰጠውን ልጅ በማታ በክፍያ ሊያስጠና ይገባዋል ወይ? ተማሪዪቱ ልጃገረድ በሆነች ጊዜ ትምህርቱ የት ይሰጥ፣ ማንስ በቅርብ ይኑር? ክፍያ ለማይችሉት ልጆች በየትምህርት ቤቱ የንባብና የጥናት ሰዓት ለማቋቋም ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ምን ያህል ናቸው? የመጀመሪያው ጥያቄ አባላትን እንደሚከፋፍል የታወቀ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ እስከ ወር መጨረሻ አያደርስምና። ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ ግን ቀላል ነው፤ ትምህርቱ ሰው በሚወጣበትና በሚገባበት በረንዳ ላይ፣ በሩ ተከፍቶ ይሁን።