ያልተመዘገበ ከፍታ



ከባሕር ወለል 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው፣ የካርማን መስመር በመባል የሚታወቀው ወሰን፣ በልማድ የጠፈር ደጃፍ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ወሰን በተማሪ እጅ በተሠራ ሮኬት ለመሻገር የአሜሪካና የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ሲሽቀዳደሙ ቆይተዋል። ከተሽቀዳዳሚዎቹም አንዱ፣ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሮኬት ቡድናቸው ነው።

እነዚህ ወጣቶች የሞተሩን ቀፎ ከካርቦን ፋይበር ይሠራሉ፤ አሞኒየም ፐርክሎሬትን ከአሉሚኒየም ዱቄትና ከጎማ ጋር ለውሰው ጠጣሩን ነዳጅ ያዘጋጃሉ። ሥራው ቸልታን አይታገሥም። በነዳጁ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ስንጥቅ የሚነደውን ገጽ ታሰፋለች፤ ገጹ ሲሰፋ የጋዙ ግፊት ያይላል፤ ቀፎውም ይፈነዳል። «ትራቨለር» ተብለው ከተሰየሙት ሮኬቶች በ2013 እና በ2014 የተተኰሱት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግባቸውን ሳይመቱ ጠፍተዋል።

ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን የሦስተኛው ዕጣ ነው። ሮኬቱ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2018 በኔቫዳ ከሚገኘው ከብላክ ሮክ በረሃ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ወጣ። ዳሩ ግን የበረራውን መረጃ የሚመዘግበውና ፓራሹቱን የሚያስዘረጋው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሳይከፈት ቀርቶ ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ፣ የፓራሹቱ ባሩድ በሰው አጠገብ እንዳይፈነዳ ሲባል፣ ሮኬቱ በማስወንጨፊያው ላይ እስኪቆም ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ እርሱን መክፈት ከመጨረሻዎቹ ተግባራት አንዱ ነው። በዚህች አንዲት ጉድለት ምክንያት ሮኬቱ ወሰኑን ተሻግሮ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ቁጥር ሳይገኝ ቀረ።

ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2019፣ አራተኛው ትራቨለር በኒው ሜክሲኮ ከስፔስፖርት አሜሪካ ተወነጨፈ። ርዝመቱ አራት ሜትር ያህል ነበር። የደረሰበትም ከፍታ 103.6 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተሰላ፤ ይኸውም አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። በዚያ ከፍታ አየሩ እጅግ ስስ በመሆኑ ባሮሜትር አያገለግልም፤ የፍጥነቱን ለውጥ በየቅጽበቱ እየመዘገቡ ከፍታውን ማስላት ቢቻልም፣ ጥቃቅኑ የመለኪያ ስሕተት እየተጠራቀመ ይሄዳል። እንግዲህ ዝቅተኛው ግምት 98.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከወሰኑ በታች ነበር። ተማሪዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ ወሰኑን ለመሻገራቸው 90 በመቶ እርግጠኞች መሆናቸውን በይፋ ጻፉ። ይህን እንደ ድክመት የቆጠረባቸው ይኖር ይሆናል። በመሐንዲስ ዓይን ግን ከ103.6ቱ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ይህ 90 ነው።

ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ተከታዮቻቸው «አፍተርሾክ 2» የተባለውን ሮኬት ከዚያው ከብላክ ሮክ በረሃ ተኰሱ። እርሱም 143 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ወጣ፣ ወሰኑን ማለፍ አለማለፉ ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አልሆነም።