አረጋውያን በሕመማቸው ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያው አጠገብ የተኛውን መጻጉዕን ታስታውሳላችሁ። ውሃው ቅርብ ነበር፤ እርሱ ያጣው አንሥቶ ወደ ውሃው የሚያወርደውን ሰው ነው።

የራጉኤል ደወልና የመስጊዱ አዛን በአንድነት በሚሰማበት በመርካቶ አንዋር መስጊድ ሰፈር፥ ይህን የመሰለ አንድ ሽማግሌ ዐውቅ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ኩንታል ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። ለግል ድርጅት ተቀጣሪ እንኳ በ2003 ዓ.ም. በዐዋጅ ጡረታ ተሠርቶለታል፤ የቀን ተሸካሚን ግን ቀጣሪው ማን ነውና ማን ይጡረው? ይህ ሰው የደም ግፊት ያዘው። ሕመሙ ስለማይሰማው ክኒኑ ያለቀ ዕለት ተወው። ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም፤ ጉልበቱ ግን ከድቶት ነበር። ኋላም ግማሽ አካሉ ደርቆ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈ።

እድሩ በዚያው ዕለት ድንኳን ተከለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ አለቀሰ። ለሦስት ቀን የወጣው ገንዘብ የስንት ጊዜ መድኃኒት በገዛ ነበር! ወር በወር ሲያዋጣ የኖረውም እርሱ ራሱ ነበር። እኔም ፍትሐቱን አድርሼ ከዝክሩ በላሁ። በሕይወቱ ሳለ ሁለት ጊዜ ብቻ ጐበኘሁት፤ ያን ጊዜም ጠበል መጠጣቱን ጠየቅሁት እንጂ ክኒኑ ማለቁን አልጠየቅሁትም። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ ግን አስተምራለሁ።

ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። በ1982 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ለሚወለድ ሕፃን የሚገመተው ዕድሜ 47 ዓመት ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ሆኗል። ረጅም ዕድሜ ስንለምን ኖረን ተሰጠን፤ ግፊቱ፥ ስኳሩ፥ የዓይን ሞራውም አብረው መጡ። ሞራውን ሐኪም በአጭር ሰዓት ያነሣዋል፤ ሽማግሌውን እጁን ይዞ የሚያደርሰው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ዐረብ አገር ነው።

ከተዝካሩ በኋላ እድርተኛው ተሰበሰበ። ጸሐፊው፥ ደንቡ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይፈቅድም ብሎ ተከራከረ። አንድ ሙስሊም ነጋዴ ግን፥ ደንቡን የጻፍነው እኛው አይደለንምን ብሎ ጠየቀ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የጤና መድኅን መዋጮ በየዓመቱ ከሣጥኑ እንዲከፈል፥ ወጣቶችም በተራ ወደ ሐኪም እንዲያደርሷቸው ተወሰነ። ጸሐፊው እስከ ዛሬ ያጕረመርማል፤ ሒሳቡን ግን በትክክል ይይዛል።

እናንተስ የእድራችሁን ደንብ አንብባችሁ ታውቃላችሁን? በመጪው ስብሰባ አስነብቡት። የመድኅኑ ምዝገባ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ስላለው አትዘግዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።