ብረት ተቀባዩ የአይጥ ፕሮቲን ስለ ሰው እስከ ምን ድረስ ይመሰክራል?



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ፕሮቲን ነው። ትራንስፈሪን ተቀባይ አንድ ይባላል። ለምርምር የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሪኮምቢናንት ሆኖ ነው፤ ይህም ማለት ዘረመሉ ከአይጥ ተወስዶ፣ በሌላ ሕዋስ ውስጥ እንዲመረት ተደርጎ፣ ከዚያም ተጣርቶ በትንሽ ብልቃጥ የታሸገ ነው ማለት ነው። በብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ጥቂት ቃላት ብቻ ስላሉት ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል። እኔ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥያቄ እንደሚያስነሣ ላሳያችሁ እሻለሁ። የጥያቄዎቹ ሁሉ ማሰሪያ አንድ ነው፤ የአይጡ ተቀባይ በሰው ተቀባይ ፈንታ ቆሞ ሊመሰክር የሚችለው በየትኛው ጉዳይ ነው? የማይችለውስ በየትኛው?

አስቀድመን የፕሮቲኑን ሥራ እንመልከት። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይገኛል፤ አብዛኛውም በቀይ የደም ሕዋሳት ሄሞግሎቢን ውስጥ ነው። ብረት ያለ እርሱ የማይኖሩበት፣ ልቅ ሲሆን ደግሞ የሚጎዳ ንጥረ ነገር ነው። ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሕዋስን ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ የሚያበላሹ ነጻ ራዲካሎችን ይፈጥራል። ስለዚህ በደም ውስጥ ብቻውን አይጓዝም። ትራንስፈሪን የተባለው ተሸካሚ ፕሮቲን ሁለት ሁለት የብረት አተም ይዞ ያዞረዋል። በአንድ ወቅት በትራንስፈሪን ላይ ተጭኖ የሚገኘው ብረት 3 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን ለመሥራት በየቀኑ ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ይፈልጋል። ጭነቱ በቀን ውስጥ ደጋግሞ መራገፍና መተካት አለበት ማለት ነው። ማራገፊያው በር ይህ ተቀባይ ነው።

የበሩ አሠራር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በደም ውስጥ ፒኤች 7.4 ሲሆን፣ ተቀባዩ ብረት የተሸከመውን ትራንስፈሪን አጥብቆ ይይዛል፤ ባዶውን ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከዚያም ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባሉ። በውስጠኛው ከረጢት ፒኤች ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ ብረቱ ይለቀቃል፤ ባዶው ትራንስፈሪን ግን አሁን ከተቀባዩ ጋር እንደተያያዘ ይቆያል። የተለቀቀውን ብረት ስቲፕ ሦስት የተባለው ኢንዛይም ኤሌክትሮን ሰጥቶ መልኩን ይለውጠዋል፤ ዲኤምቲ አንድ የተባለው አሳላፊ ደግሞ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ያወጣዋል። ተቀባዩ ወደ ሕዋሱ ገጽ ሲመለስ ፒኤቹ ዳግም 7.4 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባዶው ተሸካሚ ይለያያልና ለሌላ ጭነት ይሰናበታል። ትራንስፈሪንን የመያዝና የመልቀቅ ዑደት በዋናነት የሚመራው በአሲድነት ለውጥ ነው።

ይህ በር ለሕይወት የግድ መሆኑን ያስረዳችን ራሷ አይጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት የተቀባዩ ዘረመል ሁለቱም ቅጂዎች የጠፉባቸው የአይጥ ፅንሶች ከ12.5ኛው ቀን በፊት ሞቱ። አንዱ ቅጂ ብቻ የቀረላቸው አይጦች በሕይወት ቢኖሩም ቀይ የደም ሕዋሳቸው አነስ ያለ፣ በአካላቸው የተከማቸውም ብረት የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ፈተና በሰው ላይ ማድረግ አይቻልም፤ አይጥ ባትኖር ኖሮ ይህን ማስረጃ አናገኝም ነበር። እንግዲህ የምናገረው አይጥን ለማጣጣል አይደለም።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንመለስ። በውስጡ ያለው ሙሉው ተቀባይ ነውን? አይደለም። የአይጡ ተቀባይ 763 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የሰው 760። የሰንሰለቱ መጀመሪያ በሕዋሱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሽፋኑን ይሻገራል፤ የተቀረውና ትልቁ ክፍል ከሕዋሱ ውጭ ይቆማል። ሽፋኑን የሚሻገረው ክፍል ውኃ ስለሚጠላ አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚያዘጋጁት ከ89ኛው አሚኖ አሲድ ጀምሮ ያለውን የውጭ ክፍል ብቻ ነው። ወደ ሕዋስ ውስጥ ግቡ የሚለው ትእዛዝ የተጻፈው በተቆረጠው ጅራት ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ብልቃጥ ስለ መያያዝ ሊነግረን ይችላል፤ ስለ መግባትና መመለስ ግን ምንም ሊነግረን አይችልም። ለዚያ ሕያው ሕዋስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የት ተመረተ የሚለው ነው። ተቀባዩ በተፈጥሮው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቆማል፤ በላዩም የስኳር ሰንሰለቶች ተሰክተውበታል። እነዚህ ሰንሰለቶች ፕሮቲኑ በትክክል እንዲታጠፍ ይረዳሉ። ባክቴሪያ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ በባክቴሪያ የተመረተ ቁራጭ ፀረ እንግዳ አካል ለማስመረት ሊበቃ ይችል ይሆናል እንጂ ከትራንስፈሪን ጋር ለሚደረግ የመያያዝ ጥናት ሊታመን አይገባም። ከአጥቢ እንስሳ ሕዋስ የተገኘ ምርት ይመረጣል። ከዚያም ቢሆን መፈተን ነው፤ ብረት የተሸከመውን የአይጥ ትራንስፈሪን በፒኤች 7.4 ይይዛል ወይ? ባዶውንስ በዚያው ፒኤች ይተዋል ወይ? በጄል ላይ አንድ ጥርት ያለ መስመር መታየቱ ፕሮቲኑ ንጹሕ መሆኑን እንጂ ሕያው ሥራ መሥራቱን አያረጋግጥም።

ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ ከማን ተወሰደ የሚለው ነው። የተቀባዩ የውጭ ክፍል በሦስት ክልሎች ይከፈላል። ሁለቱ ትራንስፈሪንን የሚይዙ ናቸው፤ ሦስተኛው ከሕዋሱ ርቆ የሚቆመው ጫፍ ነው። በሰውና በአይጥ መካከል ከጠቅላላው አሚኖ አሲድ ሦስት አራተኛው ያህል አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ግን በእኩል አልተበተነም። ትራንስፈሪንን የሚይዘው ገጽ በጥብቅ ተጠብቆ ኖሯል፤ ቢለወጥ ባለቤቱን ይገድላልና። ጫፉ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቫይረሶች ይህን በር ለመግቢያ ይጠቀሙበታል። በደቡብ አሜሪካ የደም መፍሰስ ትኩሳት የሚያመጡት ጁኒንና ማቹፖ የተባሉት ቫይረሶች በሰው ተቀባይ ጫፍ በኩል እንደሚገቡ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመሩ ጥናቶች አውቀናል፤ በተራዋ የቤት አይጥ ተቀባይ ግን አይገቡም። በተቃራኒው የአይጥ የጡት ዕጢ ቫይረስ በአይጡ ተቀባይ እንጂ በሰው አይገባም። አስተናጋጁ ጫፉን እየቀያየረ ሲሸሽ፣ ቫይረሱ እየተከተለ ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ በአንድ ፕሮቲን ላይ ሁለት ታሪክ ተጽፏል፤ በአንዱ ገጽ ጥበቃ፣ በሌላው ግጭት።

ይህ ልዩነት ዛሬ በመድኃኒት ምርምር ውስጥ ዋና ጉዳይ ሆኗል። የአንጎል የደም ሥሮች ይህን ተቀባይ በብዛት ስለያዙ፣ ከእርሱ ጋር የሚያያዝ ፀረ እንግዳ አካል መድኃኒትን ተሸክሞ ወደ አንጎል ሊያሻግር ይችላል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 ለሀንተር ሲንድረም ሕክምና የፈቀደችው ፓቢናፉስፕ አልፋ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ብዙዎቹ የሚይዙት ጫፉን ነው፤ ስለዚህ የሰውን የሚያውቀው የአይጡን አያውቅም። ተመራማሪዎች የተቀባይዋ ጫፍ ብቻ በሰው ጫፍ የተተካ አይጥ እስከ ማራባት የደረሱት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም እንድንጠነቀቅ ያስገድደናል። እኛ በአማርኛ አይጥ ስንል ትንሿንም የቤት አይጥ ትልቁንም አይጥ በአንድ ስም እንጠራለን። በዚህ ዘርፍ የታወቀው ኦኤክስ 26 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ግን የትልቁን አይጥ ተቀባይ ይይዛል፤ የትንሿን አይይዝም። ለትንሿ የሚያገለግለው 8ዲ3 የተባለው ነው። በማመልከቻ ላይ አይጥ ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ በብዙ ጥበቃና በውድ የውጭ ምንዛሪ የተገዛ ብልቃጥ ከፍቶ ምንም ነገር ሳያይ ሊቀር ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ያንን ባዶ ውጤት እንደ ግኝት መጻፉ ነው።

ጉዳዩ ከአገራችን ሕመምተኞች ጋርም ይገናኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከፋልሲፓረም ጎን ለጎን የሚገኘው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የሚወርረው ገና ያልበሰሉትን ቀይ የደም ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ተቀባዩን ገና አላራገፉም፤ ሲበስሉ ግን ያጡታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ ጥገኛው አንዱን ፕሮቲኑን ከሰው ትራንስፈሪን ተቀባይ ጋር እንደሚያያይዝ አሳይቷል። ማንም ይህን መያያዝ የሚከለክል ንጥረ ነገር ሊፈልግ ቢነሣ በአይጡ ተቀባይ ላይ ብቻ ተመርኩዞ ሊደመድም አይገባውም፤ ጥያቄው ያረፈው ተጠብቆ በኖረው ገጽ ላይ ብቻ አይደለምና።

በደም ማነስ ምርመራም እንዲሁ ነው። የተቀባዩ የውጭ ክፍል ከሕዋስ ተቆርጦ በደም ውስጥ ይዞራል። ብረት ሲጎድል ሕዋሳት ተቀባዩን ያበዛሉ፤ በደም ውስጥ ያለውም መጠን ይጨምራል። የፌሪቲን መጠን በብግነት ጊዜ ከፍ ስለሚል የብረት እጥረትን ሊሸፍን ይችላል፤ ይህኛው ምልክት በብግነት ያን ያህል አይናወጥም። ይሁን እንጂ በወባ ምክንያት ደም ፈርሶ መቅኔ ሥራውን ሲያፋጥንም ይጨምራልና ብቻውን ፈራጅ አይሆንም። መለኪያ ኪቶቹም መነሻ መስፈሪያቸው የተለያየ ስለሆነ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። በአይጥ ፕሮቲን የተስተካከለ ኪት ለአይጥ ደም ነው፤ የሰው ደም ቢጨመርበት የሚወጣው ቁጥር እንደ ቁጥር ቢታይም ትርጉም የለውም። ያ ቁጥር ለአንዲት ነፍሰ ጡር እናት የብረት ክኒን መስጠትና አለመስጠትን የሚወስን ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

እንግዲህ ለምርምር የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ብልቃጡን ከመክፈታችሁ በፊት አራት ነገር በመዝገባችሁ ላይ ጻፉ፤ ከየትኛው እንስሳ እንደተወሰደ፣ የትኛው ክፍል እንደቀረና የትኛው እንደተቆረጠ፣ በምን ሕዋስ እንደተመረተ፣ ሥራውም በምን እንደተፈተነ። ከዚያ በኋላ ጥያቄያችሁ በየትኛው የፕሮቲኑ ገጽ ላይ እንደሚያርፍ ለዩ። ብረት ከትራንስፈሪን ወደ ሕዋስ የሚያልፍበትን መሠረታዊ ሕግ የምትጠይቁ ከሆነ አይጧ ታማኝ ምስክር ናት። ስለ ቫይረስ፣ ስለ ጥገኛ ሕዋስ፣ ወይም በጫፉ ላይ ስለሚያርፍ መድኃኒት ከሆነ ግን ከሰው ተቀባይ ሌላ ምስክር አትፈልጉ። ምስክርን ባየው ነገር ላይ እንጂ ባላየው ላይ መጠየቅ ፍርድን ያዛባል።