የእርሻ መሐንዲስ ማለት ገበሬ ማለት ነውን?

(ለአዲስ ገቢ ወላጆችና ወጣቶች ከተደረገ ንግግር)

 

በቅርቡ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ልጁ በዩኒቨርሲቲ የእርሻ ምህንድስና መማር ይፈልጋል። አባትየው ግን በጣም አዝነዋል። «አንተ መምህር ነህ፣ እስቲ ምከረው። እኔ ሞፈርና ቀንበር ጥዬ የመጣሁት ልጄ ተመልሶ እንዲያርስ ነው እንዴ? ሐኪም ወይም ጠበቃ ይሁንልኝ እንጂ!» አሉኝ። ብዙዎቻችሁም እንደዚሁ ስለምታስቡ ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ልንገራችሁ።

የእርሻ መሐንዲስ የሚያርስ ሰው አይደለም። ውሃው፣ አፈሩና መሣሪያው እንዴት ተስማምተው እንደሚሠሩ የሚያሰላ ሰው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በየመንገዱ ዳር በአበባውና በዛፉ ሥር የተዘረጋውን ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ሳታዩ አልቀራችሁም። ውሃን በጠብታ የሚያጠጣ ነው። ስምሐ ብላስ የተባለ የውሃ መሐንዲስ አንድ ዛፍ ከጎረቤቶቹ ሁሉ በልጦ አድጎ ቢያይ ምክንያቱን መረመረ። ከሥሩ አጠገብ ከቧንቧ የሚንጠባጠብ ውሃ አገኘ። ሐሳቡን ለብዙ ዓመታት ሲያብላላ ቆይቶ፣ በ1965 ከሐጸሪም ኪቡጽ ጋር ተስማማና ኔታፊም የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬ ይህ ዘዴ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ስሌት አለው። 200 ሜትር በሚረዝም ቧንቧ ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ማንጠባጠቢያ ቢኖር 400 ይሆናሉ። እያንዳንዱ በሰዓት 2 ሊትር ቢሰጥ በሰዓት 800 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ነገር ግን ውሃው በቧንቧው ውስጥ በሄደ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል። መሬቱ 10 ሜትር ሽቅብ ከሆነ ደግሞ 1 ባር ያህል ግፊት ይጠፋል። ታዲያ ጫፍ ላይ ያለው ተክል ከመጀመሪያው እኩል እንዲጠጣ ቧንቧው ምን ያህል ይስፋ? ፓምፑስ ምን ያህል ጉልበት ይኑረው? ይህን የሚመልሰው መሐንዲሱ ነው።

ይህች አገር ውሃ ያጠራት አገር ናት። በ1964 የኪኔሬትን ውሃ ወደ ደቡብ የሚወስደው ታላቅ መስመር ተከፈተ። በ2005 በአሽቀሎን የባሕርን ውሃ ከጨው የሚለይ ትልቅ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከየቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ ውሃም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ተጣርቶ ለእርሻ ይውላል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ይህንን ዕውቀት የተማሩ ሰዎች አሉ። ታዲያ ከእነርሱ መካከል የእኛ ልጆች ለምን አይኖሩም?

ሙያውም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1975፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967፣ የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ አብዛኞቹ የቤተ እስራኤል ወላጆቻችን የራሳቸው ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት እያረሱና ብረት እየቀጠቀጡ፣ እናቶቻችንም ሸክላ እየሠሩ ኖሩ። አባቴ ብረት ሠሪ ነበር። ገበሬው ማረሻ ሊያሠራ ሲመጣ አባቴ ከሁሉ በፊት «መሬትህ ዋልካ ነው ወይስ ድንጋያማ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የማረሻውን ጫፍ የሚያወጣው እንደ መልሱ ነው። ሰው ሥራውን ይፈልገዋል፣ ሠሪውን ግን ይንቀዋል። እኔ ግን ዛሬ ሳስበው አባቴ ዲፕሎማ የሌለው የእርሻ መሐንዲስ ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ወደዚህ ትምህርት የሚያስገባው በር የሚከፈተው በዩኒቨርሲቲ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ በሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ለባግሩት ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሒዶት ይሰጣል። ሦስቱም «ሒሳብ» ይባላሉ፤ በሚከፍቱት በር ግን እጅግ ይለያያሉ። ለምህንድስና የሚፈለገው 5፣ ቢያንስ 4 ነው። ፊዚክስም ይጨመርበታል።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እኔም በልጅነቴ መሐንዲስ ለመሆን እመኝ ነበር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ተሰጠኝ። አባቴ ዕብራይስጥ ስለማያነብ፣ እኔም ስላልገባኝ፣ በጣቱ ፈረመልኝ። ወረቀቱ ወደ 3 የሒዶት ሒሳብ መውረዴን የሚገልጽ ነበር። ነገሩ የገባን ባግሩቱን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። መምህርነቴን እወደዋለሁ፤ ግን መርጬው ቢሆን ይበልጥ እወደው ነበር።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ አደራ! ያልተነበበላችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱና «ልጄ በስንት የሒዶት ሒሳብ ይማራል? ከፍ እንዲል ምን እርዳታ ይሰጠዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕብራይስጥ ባትችሉ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን በ9ኛ ክፍል ጠይቁ፤ 12ኛን አትጠብቁ።

ያለፋችሁ ወጣቶችም ተስፋ አትቁረጡ። መኺና የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ የጎደለውን ሒሳብና ፊዚክስ ለመሙላት ነው የተዘጋጀው። ፕሲኮሜትሪ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ከ200 እስከ 800 ነጥብ አለው። በአማርኛ ስለማይሰጥ ለቋንቋው ቀደም ብላችሁ ተዘጋጁ። ሌላም መንገድ አለ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ተምሮ ሀንደሳይ መሆንና እየሠሩ ወደ ዲግሪ መቀጠል ይቻላል።

በሐይፋ በሚገኘው ቴክኒዮን የምህንድስና ዲግሪ አራት ዓመት ይወስዳል። ቀድሞ የእርሻ ምህንድስና የራሱ ፋኩልቲ ነበረው፤ ዛሬ ከሲቪል ምህንድስና ጋር ተዋህዶ የሲቪልና የአካባቢ ምህንድስና ፋኩልቲ ይባላልና በድሮው ስም አትፈልጉት። በረሖቮት የሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ በ1942 የተቋቋመ ነው። እዚያ የአፈርና የውሃ ሳይንስ ይሰጣል፤ ዲግሪው ግን የሳይንስ እንጂ የምህንድስና አይደለም። ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ልዩነት እወቁ። ለክፍያው ደግሞ በክሊታ ሚኒስቴር በኩል የአዲስ ገቢ ተማሪዎች አስተዳደር አለ። የዕድሜና የዓመት ገደብ ስላለው በጊዜ ጠይቁ።

ትምህርቱ ከባድ ነው፤ አልዋሻችሁም። የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ብቻውን ስለሚያጠና ነው። ስለዚህ ጓደኛ ያዙ፤ ያልገባችሁን ለመጠየቅ አትፈሩ።

ለእኚያ አባት የመለስኩላቸውን ነግሬአችሁ ልጨርስ። «አባባ፣ ልጅዎ ሞፈር አይጨብጥም። ግን እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ዝናብ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ እሱ ደግሞ ውሃው በስንት ሰዓት፣ ስንት ሊትር እንደሚወርድ ያዛል» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው «ሒሳቡን ስንት ነው የምትማረው?» ብለው ጠየቁት።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን ይህንኑ ጠይቁልኝ።