ስትሮክ የመታውን ሰው የዕለት ሥራውን መልሶ ስለ ማስለመድ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ጉዳያችን ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን ብቻ አይደለም። ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ እንጀራ ጋግረው ለሰፈሩ በመሸጥ ቤታቸውን ሲያስተዳድሩ የኖሩት እናታችን ስትሮክ ከመታቸው ወራት አልፈዋል። ስለ እርሳቸው እንድናገር ራሳቸው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ቤተ ሰባቸውን ስታሠለጥን የቆየችውን ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ስትሮክ ምንድን ነው? ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የአንጎሉ አንድ ክፍል ይጎዳል። ምች አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያመጣው ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። የግራው አንጎል የቀኙን ጎን፣ የቀኙ ደግሞ የግራውን ጎን ያዛል። በእናታችን ላይ ጉዳቱ የደረሰው በግራው ስለሆነ ቀኝ እጃቸውና እግራቸው ደከመ፤ ንግግራቸውም ተያዘ። ሐሳቡ አለ፣ የጠፋው ቃሉ ነው። ስለሆነም እንደ ሕፃን አናነጋግራቸው፤ ታግሠን እንጠብቃቸው።

እግረ መንገዴን ላሳስብ፦ የሰው ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ አልነሣ ካለ፣ ምላሱ ከተኮላተፈ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ተኝቶ ይነሣ፣ ነገ ይሻለዋል ማለት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ፊዚዮቴራፒን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ጡንቻን ማጠንከር፣ መቆምና መራመድ ላይ ያተኩራል። ይኸኛው ደግሞ ሰውየው በተረፈው ጉልበት እንዴት ይልበስ፣ እንዴት ይታጠብ፣ እንዴት ይብላ፣ ወደ ሥራውስ እንዴት ይመለስ ይላል። ሙያው በአሜሪካ ማኅበር አቋቁሞ የቆመው በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1917) ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን የሚባል የሕንጻ ንድፍ ሠሪ ሲሆን፣ በስትሮክ ባይሆንም በሕመም ምክንያት የግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት የነበረ፣ አትክልት በመኮትኮትና በእጅ ሥራ ራሱን ያለማመደ ሰው ነበር። በአገራችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ትምህርቱን መስጠት ጀምሯል። ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ስለሆኑ አብዛኛው ልምምድ በቤተ ሰብና በጎረቤት እጅ ላይ ይወድቃል።

ባለሙያዋ መጀመሪያ የመጣች ቀን መድኃኒት አላዘዘችም። «ጧት ሲነሡ ምን ይሠራሉ? መሥራት የሚናፍቅዎት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እናታችን በብዙ ትግል ሁለት ነገር ተናገሩ፦ ሰው ሳይደግፋቸው መጸዳጃ ቤት መሄድና ወደ ምጣዳቸው መመለስ። ሥራው ሁሉ ከዚያ ተነሣ።

የተማርነውን በአጭሩ ልዘርዝር፤ ለሌላም ቤት ይጠቅማል።

1ኛ/ ልብስ ሲለበስ የደከመው እጅ ይቀድማል፤ ሲወለቅ ደግሞ ጤነኛው ይቀድማል። የሚሠራውም ተቀምጦ ነው።

2ኛ/ የደከመውን እጅ ይዞ በሽተኛን መጎተት ክልክል ነው፤ ትከሻው ይወልቃል። ሲቀመጡ እጁ ተንጠልጥሎ አይዋል፤ ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይረፍ።

3ኛ/ የሚበሉትና የሚጠጡት ቀና ብለው ተቀምጠው ነው። ውሃ ሲጠጡ ትን የሚላቸው ከሆነ ለሐኪም ይነገር፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

4ኛ/ ሳሕን እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። የማንኪያው እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወፍራል። ሽንኩርትና ድንች በአንድ እጅ ለመክተፍ፣ የማይዝግ ሚስማር ከሥር ወደ ላይ የተመታበት ጣውላ ላይ ይሰካል። ይህን የሰፈራችን አናጢ በግማሽ ሰዓት ሠርቶታል።

5ኛ/ አንዳንድ በሽተኛ፣ በተለይ የግራ ጎኑ የተመታ፣ በግራው በኩል ያለውን ነገር ጨርሶ ይዘነጋል። ከገበታው የቀኙን ወገን በልቶ «ወጥ የለም» ይላል። ዓይኑ ጠፍቶ፣ ወይም ተንኮል ኖሮበት አይደለም። ወደ ግራ እንዲያይ ማሳሰብ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን የመብል ነገር ነበር። እናታችን በግራ እጃቸው መብላት ነውር ሆኖባቸው ሰው ፊት መብላት ተዉ። ጎረቤትም አዝኖ በየተራ ያጎርሳቸው ጀመር። ወገኖቼ፣ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ጧትም ማታም ሲሆን እጅ ሥራውን ይረሳል። አንጎል በተጎዳው ፈንታ ሌላ መንገድ የሚያበጀው ያንኑ ሥራ ደጋግሞ በመሥራት ነው። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን አይቆምም። ስለዚህ አንድ ጉርሻ ከሰጣችሁ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። በግራ እጅ ሲበሉ የሚያፈጥ ልጅ ካለም ወላጅ ይምከረው።

የምጣዱን ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ባለሙያዋ ሥራውን ከፋፈለችው፦ መቆም፣ መጎንበስ፣ መጥለቅ፣ አዙሮ ማፍሰስ፣ ማውጣት። መጀመሪያ ምስር መልቀም ሆነ። ቀጥሎ ውሃ በጣሳ መቅዳት። ዛሬ እሳት በሌለው ምጣድ ላይ፣ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጠው፣ ግራ እጃቸው ቀኙን እየረዳ ቀጠን ያለ ሊጥ ያዞራሉ። እሳቱ ገና አልተፈቀደም፤ የቀኝ እጃቸው መዳፍ ትኩሱን ከቀዝቃዛው ስለማይለይ ሳይታወቃቸው ይቃጠላሉ። እንደ ቀድሞው ይጋግራሉ ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ምናልባት ሊጡን አቡክተውና ተቆጣጥረው ልጃቸው ትጋግር ይሆናል። እንዲያም ቢሆን ቤቱ የእንጀራ ቤት ሆኖ ይቀጥላል።

ሌላው፣ ስትሮክ ከመታው ሰው 3 ቢሆን አንዱ በኋላ በድብርት ይያዛል። ዝም ካሉ፣ ምግብ ካስጠሉ፣ ልቅሶ ካበዙ ስንፍና ነው አንበል፤ እርሱም ሕክምና አለው። እናቷን እያነሣች የምታስቀምጠው ልጅም ወገቧን ሳትጎዳ መተካት አለባት።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የግቢው የጋራ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ስለሆነ እርሳቸው አይችሉትም። በላዩ የሚቀመጥ፣ መካከሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበርና በግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ያስፈልጋል። ለክትትል መመላለሻ የታክሲ ክፍያም አለ። አንዳንድ አባቶች «ደንባችን ለሞት ነው እንጂ ለሕመም አይደለም» ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው፣ ደንቡ እንዲያ ይላል። ሆኖም ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን። ለቀብራችን ድንኳን የምንተክል፣ ንፍሮ የምንቀቅል ሰዎች፣ አንዲት እናት በሕይወት ሳሉ ለክብራቸው የሚበቃ ወንበር ብንገዛ ማኅበሩ አይፈርስም። ነገ ማን እንደሚመታ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ስለሆነም፦ ሀ/ ለእንዲህ ያለ ሕመም ከገንዘባችን በልክ እንዲወጣ ደንቡ ይሻሻል፤ ለ/ የግቢው ነዋሪዎች ለብረቱ መያዣ ፈቃዳቸውን ይስጡ፤ ሐ/ በሳምንት አንድ አንድ ቀን ልጅቱን የሚተኩ ሰዎች እኔ ዘንድ ይመዝገቡ። ደንቡን የሚነካ ስለሆነ ውሳኔው በመጪው ስብሰባ በእጅ ብልጫ ይሰጣል። የሚቃወምም መጥቶ ይናገር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍርለታል።



የማኅበሩ ጸሐፊ